ከያሬድ ጎን የተቀመጡት ልጆች

የቅዱስ ያሬድን የልጅነት ታሪክ ሳይሰማ ያደገ ተማሪ ቢኖር ጥቂት ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አክሱም ላይ፣ ከአጎቱ ከመምህር ጌዴዎን ዘንድ ለትምህርት የተቀመጠው ሕፃን ቀለም አልገባ ይለዋል። ዳዊቱን ቢያጠና ቢያጠና አይያዝለትም። መምህሩ ይገርፈዋል፤ ግርፋቱ ሲጸናበት ልጁ ይኮበልላል። ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲሞክር፣ ሲወድቅ፣ ደግሞ ሲሞክር፣ በመጨረሻም ከላይ ሲደርስ ያያል። ልቡ ይነካል፤ ተመልሶ መምህሩን ይቅርታ ይጠይቃል፤ አእምሮው ይከፈትለታል። ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎቹን፣ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ታሪክ ለልጆች ስንነግር ዓይናችን ትሉ ላይ ነው። «አንተም እንደዚያ ጽና» እንላለን፤ ሸክሙን ያልገባው ልጅ ራሱ ይሸከመው ማለታችን ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያጓጓኝ ግን በትረካው ዳር የቀሩት ልጆች ነገር ነው። አንዳንዱ ተራኪ ይሳለቁበት ነበር ብሎ ያልፋል፤ ሌላው ጨርሶ አያነሳቸውም። ያሬድ ሲገረፍ አንገታቸውን ደፉ ወይስ ሳቁ? ከኮበለለበት ሲመለስ ጠጋ ብሎ ቦታ የለቀቀለት ነበር? ትምህርት አልገባ ስላለው ልጅ ብዙ ተጽፏል። አጠገቡ ስለሚቀመጠው ልጅ የተጻፈው ግን ትንሽ ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛው ምክር ነው። ያለፉት መቶ ሃምሳ ዓመታት የትምህርት ቤት ታሪክ ሲታይ፣ ምክር ብቻውን ብዙ ያደረገው ነገር የለም። ልጆች ለዘገየ ጓደኛቸው ደግ ወይም ጨካኝ የሚሆኑት ትልልቆች ክፍሉን ባሰናዱበት መንገድ ነው።

ከራሳችን የቄስ ትምህርት ቤት እንጀምር። ዛፍ ጥላ ሥር የሚሰበሰቡት ልጆች በክፍል አይከፋፈሉም። አንዱ በስንደዶ እየጠቆመ ሀሁን ይቆጥራል፤ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ከፍ ያለው መልእክተ ዮሐንስን ወይም ወንጌሉን ይዟል፤ የበለጠው ዳዊት ይደግማል። ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል። አንድ ልጅ ፊደል ላይ ሁለት ዓመት ቢቆይ «ወደቀ» የሚያሰኝ የዓመት መጨረሻ ፈተና የለም። ሁሉም በየራሱ እርከን ላይ ስለሆነ የዘገየው ብቻውን ነጥሮ አይታይም። ከፊደልና ከንባብ ቤት በላይ ደግሞ ትምህርቱ በቃል ስለሚሄድ፣ ዓይነ ስውራን በዜማም በቅኔም አንቱ የተባሉ መምህራን ሆነዋል። ይህ አሠራር «አካቶ ትምህርት» የሚል ስም ሳይወጣለት በፊት ለረጅም ዘመን የኖረ ነው።

ይህን ብዬ ስለ አርጩሜው ዝም ብል ግን ማስመሰል ይሆንብኛል። ቀለም አልገባ ያለው ልጅ ምክንያቱ ከራሱ ውስጥ ይፈለግ ነበር፦ ቡዳ በልቶት ነው፣ እርግማን አለበት፣ ልቡ ጨዋታ ላይ ነው። መድኃኒቱም ወይ ኩርኩም ወይ ጠበል ነው። አእምሮ ይከፍታል ተብሎ አብሾ የሚያጠጡም ነበሩ፤ ከመርዛማ ዕፅ የሚዘጋጅ በመሆኑ ልቡናውን ስለነሳው ተማሪ የማይወራበት አገር የለም። አጠገብ የተቀመጠው ሕፃን ከዚህ ሁሉ የሚቀስመው ትምህርት አለ፦ ጓደኛህ ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ወዳንተ እንዳይመጣ ራቅ በል።

እ.ኤ.አ. በ1908 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤትና ተከታዮቹ ለአገሪቱ ያበረከቱት ተዘርዝሮ አያልቅም። ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ግን አንድ አዲስ ነገር መጣ፤ ሁሉም በአንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ስንተኛ እንደቀረ ይቆጠራል። «ስንተኛ ወጣህ?» የምትለዋን ጥያቄ ከጎረቤት፣ ከአክስት፣ ከባለሱቁ ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት በዓመቱ መዝጊያ የክፍሉ ተማሪዎች ስም ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በወላጅ ፊት ይነበብ ነበር። የመጨረሻው ስም ሲጠራ እናጨበጭባለን፤ ሳቅ ያለበት ጭብጨባ። ያንን ሳቅ ከየት አመጣችሁት ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም። ዝርዝሩን በድምፅ ማጉያ ያነበቡት ትልልቆች ናቸው ያስተማሩን።

አውሮፓም ከዚህ የተሻለ አልጀመረችም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1882 ትምህርትን ግዴታ ስታደርግ፣ እርሻ ላይ ሆነው መዘግየታቸውን ማንም የማያውቅባቸው ልጆች ክፍል ውስጥ በአንድ ሳምንት ታወቁ። የአህያ ጆሮ ያለው ቆብ አጥልቆ ጥግ ላይ ማቆም በዚያ አገር የተለመደ ቅጣት ነበር። እንዲህ ያለ ቅጣት ተመልካች ከሌለው ዋጋ የለውም፤ ተመልካች ሆነው የሚቀመጡት ደግሞ የክፍሉ ልጆች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ልጁ ፐርሲ ይባላል። ብልህ ነው፤ በጨዋታ ፈጣን ነው፤ ከእኩዮቹ በምንም አያንስም። ማንበብ ግን አልሆነለትም፤ የገዛ ስሙን እንኳ ሲጽፍ ፊደላቱን ያቀያይራል። ያስተማረው ሰው ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ቀዳሚው እሱ ይሆን እንደ ነበር ተናግሯል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የጎጃም ቅኔ ቤት ነው። ፐርሲ እዚያ ቢወለድ ምናልባት ባለቅኔ በሆነ ነበር፤ እርግጥ መጀመሪያ 33ቱን ፊደል በሰባት ቤት አባዝቶ፣ 231ዱን ገበታ ሳይደቆስ ካለፈ። ሰን ከሸ፣ ነን ከኘ መለየት የሚያቅተው ልጅ በእኛም ክፍል ሞልቷል። ዛሬ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ እክል የልጁን ብልህነት እንደማይነካ ሐኪሙ ያኔውኑ አይቷል። እኔ ልብ የምለው «በጨዋታ አያንስም» የምትለዋን ነው። ሜዳ ላይ ፐርሲ ከልጆቹ እኩል ነበር። ዝቅ ያለው ክፍል ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመለኪያ ዘመን ነው፤ በፍጥነት ልለፈው። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጡት መመዘኛ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለመለየት የታሰበ ነበር፤ ቢኔ ራሱ የልጅ አእምሮ የማይለወጥ መጠን ነው የሚሉትን ተቃውሟል። ብዙ አገር ግን መመዘኛውን ወስዶ ልጆቹን ለየ፤ ለየና ሌላ ሕንፃ ውስጥ አስገባቸው። በዚህ ዘመን ስለ ደግነት ማስተማር ጥያቄ አልነበረም፤ ደግ ሊሆኑለት የሚገባው ልጅ ከክፍሉ ወጥቷልና።

ወደ ኢጣሊያ መሄድ የምፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያዊ ስለ ኢጣሊያ ትምህርት ቤት በበጎ ሲጽፍ እጁ ትንሽ ይከብደዋል፤ ቢሆንም ልጆችን በመለየት ላይ የቆመውን አሠራር ከሁሉ ቀድሞ በሕግ ያፈረሰው ይህ አገር ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከሮማ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ነው። በአስራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወጣቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ባዶ ክፍል ውስጥ የታጎሩ ልጆች ከምግብ በኋላ ወለል ላይ የወደቀ የዳቦ ፍርፋሪ ሲለቅሙ ታያለች። ጠባቂዋ በመጸየፍ ስግብግብነት ነው ትላለች። ሞንቴሶሪ ግን ሌላ ነገር አየች፤ በዚያ ክፍል ውስጥ እጅ የሚነካው ሌላ ነገር የለም። በጣት የሚዳሰሱ ፊደላትና ዕቃዎች አዘጋጅታ አስተማረቻቸው፤ ከመካከላቸው የሕዝብ ትምህርት ቤት ፈተና ያለፉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1907 ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሰፈር የከፈተችው የሕፃናት ቤት ያንን ዘዴ ለሁሉም ልጅ አዋለው። በዚያ ቤት የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ልጆች አብረው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይዞ በራሱ ጊዜ ይሠራል፤ ሽልማትም ቅጣትም የለም። የቄስ ትምህርት ቤቱ ምንጣፍ ያለ አርጩሜው ማለት ነው።

ከሞንቴሶሪ ይልቅ ለእኔ የሚቀርበኝ ግን ባርቢያና ነው። ዶን ሎሬንዞ ሚላኒ የተባለ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1954 ቶስካና ተራራ ላይ ወዳለች፣ መንገድ እንኳ በወጉ ወደማይደርስባት ደብር ይላካል። እዚያ ከመንግሥት ትምህርት ቤት የወደቁ የገበሬና የእረኛ ልጆችን ሰብስቦ ማስተማር ያዘ። ሰውየው ለስላሳ አልነበረም። ትምህርቱ ከጠዋት እስከ ማታ ነው፤ በዓል የለ፣ የዕረፍት ሰዓት የለ። ነገር ግን አንድ ሥርዓት ነበረው። መሠረት የሌለው፣ የዘገየ ወይም የሰነፈ ልጅ ሌላ ትምህርት ቤት አንደኛ የወጣውን እንደሚንከባከብ ይያዛል፤ እሱ ሳይገባው ሌሎቹ ወደፊት አይሄዱም። መምህር ስለማይበቃ ትልልቆቹ ታናናሾቹን ያስተምራሉ። ስምንት ልጆች አብረው ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተሙት «ለአንዲት መምህርት የተጻፈ ደብዳቤ» የሚለው መጽሐፍ ኢጣሊያን አነጋገረ፤ ሚላኒ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሞተ።

የባርቢያና ልጆች ስለ ርኅራኄ ስብከት አልሰሙም። የጓደኛቸው አለመረዳት የእነሱ ጉዳይ እንዲሆን ተደርጎ ነበር የተቀመጡት፤ እሱ ካልገባው ገጹ አይገለጥማ። ልጅ በዚህ ሊበሳጭ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእርግጥ የሚበሳጭ ይመስለኛል። ሲቆይ ግን ብስጭቱ «እንዴት ብዬ ላስረዳው?» ወደሚል ጥያቄ ይለወጣል። ይህን ጥያቄ ለለመደ ልጅ በጓደኛው ላይ ማላገጥ ትርፍ የለውም።

የዚያን ዘመን ኢጣሊያ በሰሜን ከተሞች ልዩ ክፍሎች ነበሯት። ከደቡብ የፈለሱ የድሃ ሠራተኞች ልጆች፣ ቋንቋው ስለሚከብዳቸው ብቻ፣ ብዙዎቹ እዚያ ይገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ቁጥር 118 ሕግ የአካል ጉዳተኛ ልጆችን ወደ መደበኛ ክፍል መለሰ፤ በ1975 ፍራንካ ፋልኩቺ የመሩት ኮሚሽን ሐሳቡን አጸና፤ በ1977 የወጣው ቁጥር 517 ሕግ ልዩ ክፍሎቹን ዘጋ። ሕጉ ልጆቹን ቀላቅሎ ዞር አላለም። እክል ያለበት ልጅ ያለበት ክፍል ከ20 ተማሪ እንዳይበልጥ ደነገገ፤ የድጋፍ መምህር መደበ። ሃምሳና ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል ለምናስቀምጥ ለእኛ 20 የምትለዋ ቁጥር የምትነግረን ነገር አለ፤ ደግነት የወንበርም ጉዳይ ነው።

አሜሪካ ወደዚህ የመጣችው በሌላ መንገድ ነው። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1975 እክል ስላለባቸው ልጆች ትምህርት ሕግ ሲያወጣ፣ 1 ሚሊዮን የሚሆኑት ከሕዝብ ትምህርት ቤት ፈጽሞ ውጭ እንደሆኑ በሕጉ ውስጥ አስፍሯል። በሩ ሲከፈት የተገኘው ችግር መምህራኑ ያላሰቡት ነበር፤ የክፍሉ ልጆች ጥያቄ አላቸው። ይጋባል? ለምን እንዲህ ይናገራል? ሽንት ቤት እንዴት ይሄዳል? ባርባራ አዬሎ የተባለች የልዩ ፍላጎት መምህርት እ.ኤ.አ. በ1977 በልጅ ቁመት የተሠሩ አሻንጉሊቶች ይዛ በየክፍሉ መዞር ጀመረች። የመጀመሪያው አሻንጉሊት ማርክ ራይሊ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ነው፤ በኋላ የመማር እክል ያለባቸውም ተጨመሩ። ልጆቹ አሻንጉሊቱን የፈለጉትን ይጠይቁታል፤ እሱም እየቀለደ ይመልሳል። የሚያፍር የለም፤ የሚቆስል የለም።

የእኛ አስተዳደግ በዚህ ላይ ደካማ ነው። ልጅ መንገድ ላይ «እማዬ፣ ያ ልጅ ለምን እንዲህ ይሆናል?» ሲል እጁን ጨምድደን «ዝም በል፣ ነውር ነው!» እንላለን፤ ወዲያው ራሳችን ከንፈራችንን እንመጣለን። ሕፃኑ ሁለቱንም ይማራል። ስለዚያ ልጅ መጠየቅ እንደማይቻልና ስለዚያ ልጅ ማዘን እንደሚገባ ያውቃል። የሚታዘንለት ልጅ ደግሞ ለኳስ አይመረጥም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየችው ቀጭኔዋ ፀሐይ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው ዝግጅት፣ ልጆቻችን ከአሻንጉሊት ምን ያህል እንደሚማሩ አሳይታናለች። አዬሎ የሠራችውን የሚመስል ሥራ ለመሥራት የሚጎድለን አሻንጉሊት አይደለም።

ጥያቄው ከተመለሰ በኋላም ግን አብሮ መሥራቱ ይቀራል። ኤሊየት አሮንሰን የተባለው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ የገጠመው ይህ ነበር። ጉዳዩ የዘር መለያየት እንጂ የመማር እክል አልነበረም፤ የሆነው ግን ለእኛም ይሆናል። ልጆቹን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ የአንድን ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ቆራርጦ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁራጭ ሰጠ። ፈተናው ስለ ሙሉው ታሪክ ነው። ከልጆቹ አንዱ፣ አሮንሰን ካርሎስ ብሎ የሚጠራው፣ እንግሊዝኛው ስለሚከብደው ሲንተባተብ ጓደኞቹ እንደ ልማዳቸው ያላግጡበታል። አጠገባቸው ያለችው ረዳት አልተቆጣችም፣ አልመከረችም፤ ፈተናው እንደቀረበና እሱ የያዘውን ሳይሰሙ እንደማይሠሩት ብቻ አስታወሰቻቸው። ጥቂት ቀናት ሲያልፉ ልጆቹ ካርሎስን በደንብ መጠየቅ ለመዱ፤ በደንብ ሲጠየቅ ደግሞ በደንብ መመለስ ቻለ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ለአምስትን ማሰቡ አይቀርም። እኛም ጋ በአንድ ወቅት በየትምህርት ቤቱ አምስት ተማሪ በአንድ ጎበዝ ተማሪ መሪነት እንዲደራጅ ተደርጎ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ የባርቢያና ዘመድ ነው። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። በአሮንሰን ቡድን እያንዳንዱ ልጅ ሌሎቹ የሌላቸው ነገር በእጁ አለ። በአንድ ለአምስት ግን ሁሉን የያዘው መሪው ነው፤ ሌሎቹ ከእሱ ይገለብጣሉ። የዘገየው ልጅ ከቡድኑ የሚያገኘው መልስ ነው፤ ለቡድኑ የሚሰጠው ግን ምንም የለውም። ሁልጊዜ ተቀባይ የሆነ ልጅ ደግሞ ውሎ አድሮ ሸክም ተደርጎ ይቆጠራል። አደረጃጀቱ የተጫነበት የፖለቲካ ሥራ ሌላ ታሪክ ስለሆነ አልገባበትም፤ ሐሳቡ አብሮ መጣሉ ግን ያሳዝነኛል።

በአገራችን ሕጉና መመሪያው አለ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ጠቅሷል፤ በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ጸደቀ። ትምህርት ቤቱ ግን ለረጅም ጊዜ ያየው የሚታየውን ነው፤ ለዓይነ ስውራን ሰበታ መርሐ ዕውራን፣ መስማት ለተሳናቸውም የራሳቸው ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። የማይታየው እክል ስም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2002 ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ስትመሠርት እንዲህ ያሉ ልጆች ከቤት ጓዳ የማይወጡበት ጊዜ ነበር። ጓዳ ውስጥ ለተደበቀ ልጅ ደግ የክፍል ጓደኛ ከየት ይመጣል?

መጀመር ያለበት መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ የሰጡት ልጆች ናቸው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት የአጸደ ሕፃናት መምህርት የነበረችው ቪቪያን ፔሊ፣ ከ5 ዓመት ልጆቿ መካከል አንዳንዶቹ ሁልጊዜ ከጨዋታ ሲገፉ አየች። «አትጫወትም ማለት አይቻልም» የሚል ሕግ ለማውጣት አሰበች። ከማውጣቷ በፊት ግን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ድረስ እየዞረች የልጆችን ሐሳብ ጠየቀች። ትልልቆቹ ሕጉ ትክክል መሆኑን አልካዱም፤ ለእነሱ ግን ጊዜው አልፏል፤ ገና ከሕፃንነት ቢጀመር ነው የሚሠራው አሏት። ይህን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመው መጽሐፏ ተርካዋለች። የ10 ዓመት ልጅ ለራሴ ረፍዷል ሲል መስማት ያስደነግጣል።

ፔሊ ሕጉን አውጥታ አልተቀመጠችም። ቀድሞም የነበራት አንድ ልማድ ነበር፤ ልጅ ተረት ይነግራታል፣ እሷ ትጽፋለች፣ ከዚያ ጓደኞቹ ወለል ላይ ይተውኑታል። ድሮ ተዋናዮቹን የሚመርጠው ባለተረቱ ስለነበር የሚመረጡት ያው የሚወደዱት ነበሩ። ከሕጉ በኋላ ግን ድርሻው በተቀመጡበት ተራ ይዞር ጀመር። ማንም አይለምንም፣ ማንም አይተውም።

ይህ ለእኛ የዜሮ ክፍል ልጆች ሩቅ አይደለም። ተረት ለመንገር መጽሐፍ አያስፈልግም፣ የዘመኑ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጠመኔና ባዶ ወለል ይበቃል። «ተረት ተረት» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የመሠረት» ብሎ የሚመልስለት ልጅ፣ ጠዋት ሰን ከሸ መለየት ያቃተው ሊሆን ይችላል። የእሱን ጅብና የእሱን አህያ ሆኖ የሚጫወተው ደግሞ ጠዋት አንደኛ የነበረው፤ ተራው ስለደረሰ ብቻ። በቀን ሁለት ልጅ ቢናገር 60 ልጅ ያለበት ክፍል በስድስት ሳምንት አንድ ዙር ይጨርሳል፤ በአንድ የትምህርት ዓመትም እያንዳንዱ ልጅ ከአራት ጊዜ ያላነሰ ይደርሰዋል።